ቀን አልተኛም ያለው ሕፃንና ሠላሳ ሰባት መልሶች

የመጀመሪያው ጽሑፍ በአንድ የወላጆች የኢንተርኔት መድረክ ላይ የወጣው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ነው። ጸሐፊዋ የአምስት ወር ወንድ ልጅ እናት ናት። ልጁ ሌሊት ደህና ይተኛል። ለጡት ሁለቴ ቢነቃም ጠብቶ መልሶ ይተኛል። ችግሩ ቀን ነው። ክንዷ ላይ እንቅልፍ ይጥለዋል፤ ጀርባው አልጋ ሲነካ ግን ዓይኑ ፍጥጥ ይላል። እንደምንም ካስተኛችውም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላው ብንን ይላል። ወደ ማታ ቤቱ በለቅሶ ይናወጣል። አባትየው ከሥራ ሲገባ ሁለት የሚያለቅሱ ሰዎች እንደሚጠብቁት በቀልድ መልክ ጽፋለች።

እስከዚህ ድረስ የተለመደ ነው። ነገሩን ያጦዘው የመጨረሻው አንቀጽ ነው። አንዳንድ ሕፃን ጭራሽ የቀን እንቅልፍ አያስፈልገውም የሚል ድምዳሜ ላይ ደርሳለች። መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት አለ፤ የፈለገችው ግን መልስ ሳይሆን ልክ ነሽ የሚላት ሰው ነበር።

መልሶቹን በተራ ቁጥራቸው እጠራቸዋለሁ። ቁጥር 1 የአይዞሽ መልስ ነው። ቁጥር 2 የተፈለገውን ሰጠ። የጻፈችው የሦስት ልጆች እናት ናት። መሃለኛው ልጇ ቀን ተኝቶ እንደማያውቅ፣ ዛሬ ተማሪ ሆኖ ከክፍሉ ጎበዝ እንደሆነ ነገረቻት። ስለዚህ ራስሽን አታስጨንቂ ነው ነገሩ። ብዙ ሰው ወደደላት። እኔም ደክሞኝ ቢሆን እወድላት ነበር።

ቁጥር 3 በትሕትና ነው የገባው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ያወጣውን መመሪያ ጠቀሰ። ከ4 እስከ 11 ወር ያለ ሕፃን በ24 ሰዓት ውስጥ ከ12 እስከ 16 ሰዓት መተኛት አለበት፤ የቀኑም እዚሁ ውስጥ ይቆጠራል። ሌሊቱ አሥር ሰዓት ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሰዓት ቀን ላይ ይቀራል ማለት ነው። በዚያው ላይ የቁጥር 2ን ልጅ አነሣ። ጎበዝ ተማሪ መሆኑ ደስ ይላል፤ ግን ቀን ቢተኛ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ማንም አያውቅም አለ። ይህቺ ዓረፍተ ነገር ነበረች ለኋላው ነገር መንገድ የከፈተችው።

ቁጥር 4 አባት ነው፣ እና ከሁሉም በፊት ልጁን የተመለከተው እሱ ይመስለኛል። የድካም ምልክት የሚባለው ለቅሶና ዓይን ማሸት ብቻ እንዳልሆነ ጻፈ። እነዚያ ከመጡ ረፍዷል። የሱ ልጅ በመጀመሪያ ዝም ትላለች። የያዘችውን መጫወቻ ትጥላለች፤ ዓይኗ አንድ ቦታ ላይ ይቀራል። ቅንድቧ አካባቢ ያለው ቆዳ ቀላ ይላል። ፊት ለፊቷ ሆነህ ስታዋራት ፊቷን ታዞራለች። ሰው ግን ልጁ ሰለቸው ብሎ ሌላ መጫወቻ ያመጣለታል፣ ያወዛውዘዋል፣ ያስቀዋል። ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችንም እናውቀዋለን።

ቁጥር 5 ወደ ቁጥር 3 ተመለሰች። በ12ና በ16 መካከል አራት ሰዓት አለ፤ አራት ሰዓት ደግሞ ቀላል ልዩነት አይደለም። አንዱ ልጅ በትንሽ ይበቃዋል፤ ሌላው እስከ ጥግ ይተኛል። ስለዚህ ቁጥሩን ሳይሆን ልጁ ሲነቃ ያለውን ፊት ተመልከቺ አለች። ትክክል ናት። ግን የጠያቂዋ ልጅ ማታ ማታ እንደሚጮህ ረስታዋለች።

እስካሁን ማንም ያልጠየቀውን የጠየቀው ቁጥር 6 ነው። ልጁ ከአንዱ እንቅልፍ እስከ ሌላው ስንት ሰዓት ነቅቶ ይቆያል? አንድ መስመር ናት። ሰላምታ እንኳ የላትም።

ጠያቂዋ በቁጥር 7 መለሰች። ሦስት ሰዓት፣ አንዳንዴም አራት። ሆን ብላ ነው፤ በደንብ ከደከመ በደንብ ይተኛል ብላ አስባ።

እንግዲህ እዚህ ላይ ነገሩ ተገለጠ። ቁጥር 8 ረጅም ነው፣ ግን ሳልሰለች ጨረስኩት። እንቅልፍን ሁለት ነገሮች እንደሚመሩት ያብራራል። ሐሳቡን በ1982 ያቀረበው አሌክሳንደር ቦርቤሊ የተባለ ተመራማሪ ነው። አንደኛው ነቅተን በቆየን ቁጥር የሚጠራቀም የእንቅልፍ ግፊት ነው፤ እንደ ረሃብ በለው። ሁለተኛው ቀንና ሌሊትን የሚለይ የሰውነት ሰዓት ነው። የሕፃን ግፊት ከአዋቂ ይልቅ ቶሎ ይሞላል። ሞልቶ ሳይተኛ ካለፈ ሰውነቱ ራሱን ነቅቶ ለማቆየት ይታገላል፤ ልጁ ይነጫነጫል፣ ጀርባውን ይለጥጣል፣ ደክሞት ሳለ መተኛት ያቅተዋል። በአምስት ወር ሁለት ሰዓት አካባቢ በቂ ነው ብሎ ጨረሰ።

ከዚያ ቁጥር 9 መጣች። በእርጋታ ማንበብ ከባድ ነው። የነቃበት ሰዓት ምናምን የሚባለው የአፕ ሻጮች ፈጠራ ነው አለች። እናቷ ስድስት ልጅ ያሳደጉት ሰዓት ሳይቆጥሩ ነው። የዛሬ ወላጅ ልጁን ትቶ ስልኩን ነው የሚያየው። ቁጥር 8ን ደግሞ ዶክተር ነኝ ባይ ብላ ሸነቆጠችው።

ቁጥር 10 በመሃል ገብታ አበረደችው። ግማሹን ለቁጥር 9 ሰጠቻት፦ በዚህ ዕድሜ ልክ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ የሚል የደቂቃ ሰንጠረዥ ጠንካራ ጥናት የለውም፤ መነሻ ግምት ነው። ግማሹን ነሳቻት፦ ግምት መሆኑ ውሸት አያደርገውም። አክላም የቁጥር 2ን ነገር በጥናት መለሰች። በ2015 የታተመ ነው። የ6ና የ12 ወር ሕፃናት በአሻንጉሊት የሚሠራ አዲስ ነገር አዩ። ካዩ በኋላ በአራት ሰዓት ውስጥ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት የተኙት ያዩትን አስታወሱ። ያልተኙት ግን ጭራሽ ካላዩት ልጆች አልተሻሉም። ቀን መተኛት ለወላጅ ዕረፍት ብቻ አይደለም የሚለውን ከዚህ የተሻለ ያስረዳኝ የለም።

ቁጥር 11 ጀርባው አልጋ ሲነካ ይነቃል ወደተባለው ተመለሰ። ደስ የሚል ነገር ይዞ ነው የመጣው። የጃፓኑ ራይከን ተቋም ተመራማሪዎች በ2022 ያሳተሙት ጥናት አለ። እናቶች የሚያለቅስ ሕፃናቸውን አቅፈው አምስት ደቂቃ ሲራመዱ ብዙዎቹ ይረጋሉ፤ ግማሽ ያህሉም እንቅልፍ ይወስዳቸዋል። ወዲያው ካስተኟቸው ግን ይነቃሉ። እንቅልፍ ከወሰደው በኋላ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ አቅፎ መቀመጥ፣ ከዚያ ማስተኛት ይሻላል። ገራሚው ነገር ሕፃኑን የሚቀሰቅሰው አልጋው አይደለም። የልብ ምቱ መለወጥ የሚጀምረው ሰውነቱ ከእናቱ ሰውነት ሲላቀቅ ነው። ጥናቱ የተሠራው በ21 ሕፃናት ላይ ብቻ መሆኑንም አልደበቀም።

ቁጥር 12 ሞክሮት መጣ። እንዴት እንዳስተኛት ዝርዝሩን ጻፈ። ደረቱ ላይ እንደለጠፋት ጎንበስ ይላል፤ እስኪደርስ አይለያትም። መጀመሪያ መቀመጫዋ ይነካል፣ ቀጥሎ ጀርባዋ፣ በመጨረሻ ጭንቅላቷ። ከሥሯ ያለውን እጁን የሚያወጣው ቀስ ብሎ ነው። ሌላውን እጁን ደረቷ ላይ አድርጎ ትንሽ ይቆያል። ቁጥር 13 በበኩሏ ስምንቱን ደቂቃ ስትቀመጥ እንቅልፍ የጣላት እሷን እንጂ ልጇን እንዳልሆነ ጻፈች። ሁሉም ሳቀ። ሳቁ ግን አንድ ነገር አስረስቶናል፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ለጠያቂዋ ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው መልስ 14 ቁጥር ላይ ተቀብሮ ነው የሚገኘው። ቁጥር 1 መሆን የነበረበት እሱ ነው። የአዋቂ ሰው የእንቅልፍ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የሕፃን ከ50 እስከ 60። በዚያ መሃል እንቅልፉ ይሳሳል። ልጁ ስድስት ወር ሳይሞላው ግማሽ ሰዓት ተኝቶ መንቃቱ በሽታም፣ የእናት ጥፋትም አይደለም። አብዛኛው ልጅ እንዲያ ነው። ቀኑን ሦስት አራት ጊዜ እየሸለበ ያሳልፋል፤ እያደገ ሲሄድ እንቅልፎቹ እየረዘሙ ቁጥራቸው ይቀንሳል። ጸሐፊዋ አንድ ምክር ጨመረች። ልጁ ሲንቀሳቀስ ወይም ሲያንጎራጉር ሮጠሽ አታንሺው፤ ትንሽ ጠብቂ። አንዳንዴ ዓይኑን ገልጦ መልሶ ይከድናል። የሚያለቅስ ከሆነ ሌላ ነገር ነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ጥሩ ነበር።

ቁጥር 15 ልጁን በሆዱ አስተኚው አለች። ልጆቿን ሁሉ እንደዚያ እንዳሳደገች፣ በሆዳቸው ሲተኙ ሁለት ሰዓት ድብን እንደሚሉ ምስክርነት ሰጠች። ቁጥር 16 ነርስ ናት፤ ትሕትናዋን እዚያው ጣለችው። ሕፃን ቀንም ሆነ ሌሊት የሚተኛው በጀርባው ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በሆድ መተኛት ይቅር ያለው በ1992 ነው። ከዚያ ወዲህ እዚያ አገር በእንቅልፍ ላይ ድንገት የሚሞቱ ሕፃናት ቁጥር ከግማሽ በላይ ቀንሷል። በሆዱ የተኛ ልጅ ድብን የሚለው እውነት ነው፤ አደጋውም እሱ ነው። ትንፋሽ ሲያጥረው ቶሎ አይነቃም። አልጋው ጠፍጣፋና ጠንካራ ይሁን፤ ትራስ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ አሻንጉሊት አይኑርበት አለች።

ቁጥር 17 የ15ቷ ሴት ናት፤ ልጆቼ ምንም አልሆኑም ብላ ተመለሰች። ቁጥር 18 ምን እንዳለ ባልደግመው ይሻላል። ፍሬ ነገሩ ግን ልጃቸው የሞተባቸው ሰዎች እዚህ መጥተው ምስክርነት አይሰጡም የሚል ነው። ቃሉ ጨካኝ ነው፤ ሐሳቡ ግን አይካድም።

ቁጥር 19 የኔ ነው። ወደ ቁጥር 13 ሳቅ የተመለስኩትም እዚህ ነው። ሕፃን አቅፎ ሶፋ ላይ እንቅልፍ መውሰድ ከአደገኞቹ ነገሮች አንዱ ነው። ልጁ በክንድና በሶፋው መሃል ሊወሸቅ ይችላል። የሚያንቀላፋሽ ከሆነ ልጁን አልጋው ላይ አድርጊው፤ ቢያለቅስም። የመኪና መቀመጫና የሚወዛወዝ ወንበርም እንደዚያው ነው። መኪና ውስጥ ከተኛ ችግር የለም፤ ሲደረስ ግን ወደ ጠፍጣፋ ቦታ ይዛወር። አገጩ ደረቱ ላይ ከወደቀ የአየር መንገዱ ይጠባል። ይህን ስጽፍ ሰው ይቆጣኛል ብዬ ነበር። ማንም አልመለሰልኝም።

ቁጥር 20 ሕፃኑን በጨርቅ መጠቅለልን አነሣች። ጥሩ ነው፤ ግን ልጁ ለመገልበጥ መሞከር ሲጀምር ይቆማል። አምስት ወር ላይ ያለ ልጅ ምናልባት ጀምሯል። ቁጥር 21 የሹሹታ ድምፅ የሚያወጣ ማሽን መከረች። ተከትሎ የመጣው ሰው ርቀቱን አስታወሳት። በ2014 የታተመ ጥናት 14 ማሽኖችን መርምሮ፣ ድምፃቸው እስከ መጨረሻ ሲከፈት ሁሉም ለሆስፒታል የሕፃናት ክፍል ከሚመከረው 50 ዴሲቤል በላይ ሆነው አግኝቷቸዋል። ስለዚህ ከአልጋው ሁለት ሜትር ይራቅ፣ ድምፁም ይቀነስ። ያው ሰው ስለ ጨለማም ጻፈ። ቀን በብርሃን ካልተኛ ሌሊትና ቀን ይምታታበታል የሚባለው ለአራስ ልጅ የሚነገር ነው። በአምስት ወር የሰውነቱ ሰዓት መሥራት ጀምሯል። በዚህ ዕድሜ ሁሉን ነገር ማየት የሚፈልግ ልጅ መጋረጃ ቢዘጋለት ይሻለዋል።

ቁጥር 23 የለም። አስተዳዳሪው አጥፍቶታል። ምን እንደነበር የምናውቀው ከቁጥር 24 ቁጣ ነው። ለጉንፋንና ለአለርጂ ከሚሰጡት የሚያስተኙ ሽሮፖች ትንሽ ስጪው የሚል ምክር ነበር። ቁጥር 24 ይህ ምክር ሳይሆን ወንጀል ነው አለ። ሕፃናት ላይ አተነፋፈስን ሊያውክ ይችላል። አንዳንዱን ልጅ ደግሞ ጭራሽ ያቅበጠብጠዋል። በዚያ ላይ አይሠራም። ዳይፈንሃይድራሚን የተባለው መድኃኒት ሕፃናትን በሌሊት ያስተኛ እንደሆነ የፈተነና በ2006 የታተመ ጥናት፣ መድኃኒቱ ምንም መድኃኒት ከሌለበት ሽሮፕ ስላልተሻለ ከጊዜው በፊት እንዲቆም ተደርጓል። ከዚህ በኋላ ስለ ሽሮፕ ያነሣ የለም።

ከ25 እስከ 29 ሕፃኑ ተረሳ። ቁጥር 25 ባሏ ልጁን አቅፎ እንደማያውቅ ተናገረች። ቁጥር 26 የአማቷን ነገር አመጣች፤ ልጁ ሊተኛ ሲል በሩን በርግደው ይገባሉ አለች። ቁጥር 27 ወንድ ነው፤ ጠዋት ሥራ ያለበት ሰው እንቅልፍ ያስፈልገዋል ብሎ ተከራከረ። ቁጥር 28 ቀኑን ሙሉ ሕፃን ይዞ መዋል ሥራ ካልሆነ እስቲ ለአንድ ቅዳሜ ሞክረው አለችው። ቁጥር 29 ሁለት ቃል ብቻ ናት፣ ሁለቱም የማይጻፉ።

ከርዕስ ወጥተዋል፤ ግን ከርዕሱ የራቁ አይመስለኝም። ልጁ በቀን የሚተኛው በአንድ ሰው ክንድ ላይ ብቻ ከሆነ ያ ሰው አይበላም፣ አይታጠብም፣ አይተኛም። ስለ ልጁ የተጻፈውን ሁሉ እያነበብኩ ማታ ለአንድ ሰዓት ልጁን ማን ይቀበልሽ ብሎ የጠየቃት ሰው አጣሁ። ባለ ሥራው ቁጥር 27 ሳያውቀው ያነሣው ይህንን ነው።

ቁጥር 30 አያት ናቸው። ሁሉንም ልጆቼ ብለው ነው የጀመሩት፤ ከዚያ በኋላ ማንም ድምፁን ከፍ አላደረገም። ሁሉም እንቅልፍ አልጋ ላይ መሆን የለበትም አሉ። የመጀመሪያውን የጠዋቱን አልጋ ላይ ሞክሪ፤ ያን ጊዜ ልጁም አንቺም ትዕግሥት አላችሁ። የማታውን፣ ሁሉም የሚነጫነጭበትን፣ በማዘያ ይዘሽው ዙሪ። ቁጥር 16 ነርሷ መጥታ በአክብሮት ጨመረችላቸው፦ በማዘያ ሲሆን ፊቱ ይታይ፣ አፍንጫው አይሸፈን፣ አገጩ ደረቱ ላይ አይጣበቅ። እርስዎ እያለች ነው የጻፈችው። ከ15ቷ ሴት ጋር የተናገረችው ሰው መሆኗን ለማመን ያስቸግራል።

ቁጥር 32 ሐኪም መቼ ይታይ የሚለውን በአጭሩ አስቀመጠ። ተኝቶ የሚያንኮራፋ ወይም ትንፋሹ ቆም የሚል፣ ከጠባ በኋላ ጀርባውን እየለጠጠ የሚያለቅስ፣ ኪሎ የማይጨምር፣ ወይም ድንገት እንቅልፉ የተበላሸና ትኩሳት ያለው ልጅ ከሆነ የእንቅልፍ ምክር ይቅርና ይመርመር። ቁጥር 33 የራሷን ልጅ አነሣች። ሲያስተኙት ብቻ ይጮህ ነበር፤ ቀና ሲል ይተወዋል። አመል ነው ብለው ነበር። የጆሮ ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘ።

ጠያቂዋ በቁጥር 34 ተመለሰች። የነቃበትን ጊዜ ወደ ሁለት ሰዓት ገደማ አውርዳዋለች። የጠዋቱን አሁን አልጋው ላይ ይተኛል፤ ዝም ማለት ሲጀምርና ፊቱን ሲያዞር ነው ወደ ክፍሉ የምትወስደው። ቀሪዎቹ እንቅልፎች ያው ግማሽ ግማሽ ሰዓት ናቸው። ማታ በማዘያ ነው፤ አባትየው ነው የሚይዘው። ለቅሶው ቀንሷል እንጂ አልጠፋም። የሌሊቱ እንቅልፍ አልተሻሻለም፤ አልተበላሸምም። ለቁጥር 9ም ሰዓት የምታየው በግድግዳ ሰዓት እንጂ በአፕ እንዳልሆነ ጻፈችላት። የመጀመሪያውን ድምዳሜዋን ግን አላነሣችም።

አዲስ ሰው በቁጥር 35 ዘው ብሎ ገባ። ልጁ 15 ወሩ ነው፤ የጠዋቱን እንቅልፍ እምቢ ብሏል። የከሰዓቱን ብቻ ይበቃው ይሆን? ከዚህ ውይይት የማልጠብቀው ነገር የሆነው እዚህ ነው። የመለሰችለት፣ በቁጥር 36፣ ያችው የ15ቷ ሴት ናት። መልሷም ጥሩ ነው። ከሁለት እንቅልፍ ወደ አንድ መዞር ብዙውን ጊዜ ከ12 እስከ 18 ወር ባለው ጊዜ ይመጣል። አንድ ሁለት ቀን እምቢ ስላለ ብቻ አታስቀርበት። አንዳንዱን ቀን አንድ፣ አንዳንዱን ሁለት እያደረግህ አሸጋግረው። አንድ ብቻ በተኛ ቀን ምሳውን ቀደም አድርግለት፣ ማታም ቀደም ብለህ አስተኛው።

ማንም አላመሰገናትም። ቁጥር 37 መጀመሪያ ልጁን በሆዱ ነው በጀርባው የምታስተኚው ብሎ ጠየቃት። ነርሷ እዚያው ገብታ ወደ ሁለቱም በኩል በራሱ የሚገለበጥ ልጅ በጀርባው ይጋደም እንጂ ከዚያ በኋላ እንደወደደው ቢተኛ ችግር እንደሌለው ጻፈች። ለ35ኛውም የራሱን ጥያቄ ለብቻው እንዲከፍት ነገረችው።